ሦስት የወርቅ ሜዳልያና አንድ የቦናያ ሌሊት

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ አበው። የአውሮፕላን ማረፊያን ስም የሚያወጣው ግን መልአክ ሳይሆን ሹም ነው። ሹም ሲለወጥ ስምም አብሮ ይለወጣል።

በኢጣሊያ፣ በሲሲሊ ደሴት፣ ኮሚዞ የምትባል ከተማ አለች። የአውሮፕላን ማረፊያዋ ለረጅም ዘመን የሚጠራው ቪንቼንዞ ማሊዮኮ በተባለ የአየር ኃይል ጄኔራል ስም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የጄኔራሉ ስም ተነሣና በ1982 ማፍያ የገደለው ሲሲሊያዊ ፖለቲከኛ የፒዮ ላ ቶሬ ስም ተተካ። በዓመቱ አዲስ አስተዳደር መጣና ጄኔራሉን መለሰው። በ2014 ደግሞ ጄኔራሉ እንደገና ወርዶ ላ ቶሬ ወጣ።

ታዲያ የኮሚዞ ሰዎች ጭቅጭቅ ለእኛ ምናችን ነው? ብሎ አንባቢ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ጄኔራል የሞተው በሲሲሊ አይደለም። የሞተው በእኛው አገር፣ በወለጋ፣ ከነቀምት አጠገብ ቦናያ በተባለ ሜዳ ላይ፣ በሰኔ ወር 1928 ዓ.ም. ነው። የገደሉት ደግሞ ትምህርታቸውን እንኳ ያልጨረሱ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ልጆችና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ለሟቹ አገሩ የወርቅ ሜዳልያ ሰጠችው። ገዳዮቹ ምን ተሰጣቸው? የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እሱ ነው።

ነገሩን ማሰላሰል የጀመርኩት ማሻ ሆኜ ነው። ማሻ የሸካ ከተማ ናት። ማርና ቡና፣ ዝናብና ጭጋግ የማይለያት የደን አገር። ከማሻ በስተሰሜን ያለው መንገድ ጎሬ ያደርሳል፤ በስተምሥራቅ ደግሞ የጎጀብ ሸለቆ አለ። የምተርከው ታሪክ የተጀመረው ከጎሬ ወዲያ፣ ያለቀው ጎጀብ ላይ ነው። የማሻ ሰው በሁለቱ መካከል ይኖራል። አውቶቡሱ ወደ ጎሬ ሲያዘግም አጠገቤ ከተቀመጡት ወጣቶች አንዳቸውም ጎሬ አንድ ክረምት የኢትዮጵያ መንግሥት መቀመጫ እንደነበረች አልሰሙም። እኔም በእነሱ ዕድሜ አልሰማሁም ነበር።

መንግሥት ጎሬ የከረመበት ዘመን

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ለቀው በጅቡቲ በኩል ወጡ። በሦስተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 27፣ የባዶልዮ ጦር ከተማዋን ያዘ። ሙሶሊኒም ጦርነቱ አለቀ ብሎ ለዓለም አወጀ። አላለቀም ነበር። ክረምት ገባ፣ መንገዱ ጭቃ ሆነ፣ ወንዙ ሞላ። የኢጣሊያ ጦር ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ መሻገር ተሳነው። በዚያ በኩል ያለው አገር በሙሉ ገና አልተያዘም።

የኢትዮጵያ መንግሥት የተባለው ነገር በዚያን ጊዜ ጎሬ ላይ ነበር፤ በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ይመራ ነበር። ከሽሬ ግንባር በጎጃም በኩል ያፈገፈጉት ራስ እምሩም የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው ወደዚያው መጡ። የእንግሊዝ ቆንስል ካፒቴን ኧርስኪንም የሚኖረው ጎሬ ነበር።

ታሪኩን ግን በአንድ ቀለም ብቻ መቀባት አይገባም። የምዕራቡ ሕዝብ ሁሉ ለዚያ መንግሥት ደረቱን የሚሰጥ አልነበረም። በወለጋና በአካባቢው ከነበሩት የኦሮሞ መኳንንት ብዙዎቹ፣ ከቀድሞው አስተዳደር ቂም ነበራቸውና፣ የራሳቸውን ኅብረት መሥርተው በእንግሊዝ ሞግዚትነት ሥር ለመሆን በኧርስኪን በኩል ለመንግሥታት ማኅበር አመልክተው ነበር። እንግሊዝ አልተቀበለችም። ኢጣሊያኖቹ ይህን ያውቁ ነበር። መንገዱ በጭቃ ቢዘጋ ሰማዩ ክፍት ነው፤ ከለቃ ነቀምቱ ገዥ ከደጃዝማች ሀብተ ማርያም ጋር ተስማምተን፣ አንድ ጥይት ሳንተኩስ ምዕራቡን እንይዛለን ብለው አሰቡ።

ሦስቱ አውሮፕላኖች

ሰኔ 19 ቀን 1928 ዓ.ም. ሦስት የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ቦናያ ሜዳ ላይ አረፉ። ከውስጣቸው የወረዱት ተራ ሰዎች አልነበሩም። አንደኛው በምሥራቅ አፍሪካ የኢጣሊያ አየር ኃይል ምክትል አዛዥ ጄኔራል ማሊዮኮ ነው። ሁለተኛው ኮሎኔል ማሪዮ ካልደሪኒ ነው። ሦስተኛው በመላ ኢጣሊያ ስሙ የገነነው አብራሪ አንቶንዮ ሎካቴሊ ነው። ከእነሱ ጋር ሌሎች መኮንኖች፣ አብራሪዎችና የአውሮፕላን ሠራተኞች ነበሩ። አገሩንና ቋንቋውን የሚያውቁ የኮንሶላታ ሚሲዮን ቄስ አባ ማሪዮ ቦሬሎም መንገድ መሪ ሆነው አብረው መጥተዋል።

የጠበቁት የወዳጅ አቀባበል ነው። ሌሊቱን እዚያው ከአውሮፕላኖቻቸው አጠገብ አደሩ።

በነቀምት አካባቢ በነዚያ ቀናት ሌሎች እንግዶችም ነበሩ። የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት የተከፈተው በስዊድን መኮንኖች አስተማሪነት በ1927 ዓ.ም. ነው። ወረራው ሲጀመር ዕጩ መኮንኖቹ ገና የዓመት ያህል ትምህርት ብቻ ነበራቸው። አዲስ አበባ ስትወድቅ ከነዚህ ወጣቶች ከፊሎቹ እጃችንን አንሰጥም ብለው ወደ ምዕራብ ተጓዙ። የኢጣሊያን ጦር ከድተው ወደ ኢትዮጵያ የገቡ የኤርትራ ተወላጆች አብረዋቸው ነበሩ። በውጭ አገር የተማሩ ምሁራንም ነበሩበት። የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ፣ የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ቤንያምና ዮሴፍ፣ የወለጋው ተወላጅ ይልማ ደሬሳ ይጠቀሳሉ። ከወታደሮቹ ደግሞ ክፍሌ ነሲቡና በላይ ኃይለ አብ ስማቸው ጎልቶ ይነሣል። ይህ ስብስብ ነው በኋላ ጥቁር አንበሳ ተብሎ የታወቀው።

ለሰኔ 20 አጥቢያ፣ በጨለማ፣ ቦናያ ላይ አደጋ ጣሉ። ሦስቱም አውሮፕላኖች ነደዱ። ማሊዮኮ ሞተ፣ ካልደሪኒ ሞተ፣ ሎካቴሊም ሞተ። ከመጡት ሰዎች በሕይወት የተረፉት አባ ቦሬሎ ብቻ ናቸው።

ቀኑን ልብ ይበሉ። ከዚህ በኋላ በሦስተኛው ቀን፣ ሰኔ 23፣ ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው አውሮፕላኖች እየተከታተሉ በሕዝባቸው፣ በከብቱና በውሃው ላይ ያዘነቡትን መርዝ ተናገሩ። ሸንጎው በአብዛኛው ዝም ብሎ አዳመጠ። ከዚያ ሸንጎ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት፣ ማንም ሳያያቸው፣ ጥቂት ወጣቶች ከነዚያ አውሮፕላኖች ሦስቱን አመድ አድርገው ነበር።

ሦስት ጊዜ የተሸለመው ሰው

ስለ ሎካቴሊ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል፤ ጠላት ነው ብሎ ማለፍ ነገሩን ማቅለል ይሆናል።

ሎካቴሊ የተወለደው በቤርጋሞ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1895 ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አብራሪ ሆኖ አገለገለ። ነሐሴ 1918 እ.ኤ.አ. ባለቅኔው ጋብሪኤሌ ዳኑንዚዮ የመራው የአውሮፕላኖች ቡድን እስከ ጠላት ዋና ከተማ እስከ ቪየና በርሮ በቦምብ ፋንታ ወረቀት በበተነ ጊዜ ሎካቴሊ ከአብራሪዎቹ አንዱ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በደቡብ አሜሪካ የአንዲስን ተራሮች በአውሮፕላን ተሻገረ። በ1924 አትላንቲክን በሰሜን በኩል ለመሻገር ሲሞክር ግሪንላንድ አካባቢ ባሕር ላይ ወድቆ ቀናት ከቆየ በኋላ የአሜሪካ የጦር መርከብ ከሞት አተረፈው። ተራራ ወጪ ነበር፣ የፓርላማ አባል ነበር፣ የትውልድ ከተማውን ቤርጋሞን አስተዳድሯል።

በኢጣሊያ ለጦር ሜዳ ጀግንነት የሚሰጠው ትልቁ ሽልማት የወርቅ ሜዳልያ ነው። ሎካቴሊ ሦስት አለው። አንዱን ከዓለም ጦርነት፣ አንዱን ከኢትዮጵያ ወረራ፣ ሦስተኛውን ከሞተ በኋላ በቦናያ ምክንያት አገኘ። በሰሜን ኢጣሊያ በዶሎሚቲ ተራሮች፣ ሦስት ሹል አለቶች ከቆሙበት ዝነኛ ቦታ ፊት ለፊት ያለው የመንገደኞች ማረፊያ ቤት ዛሬም በስሙ ይጠራል። በየዓመቱ ስንት ቱሪስት እዚያ ቡና እየጠጣ ፎቶግራፍ ይነሣል! ሰውዬው የት እንደሞተና ምን ሊያደርግ እንደሄደ የሚጠይቅ ግን ስንቱ ይሆን?

ይህ ሰው ደፋር ነበር። መካድ አይቻልም። በሸራና በእንጨት አውሮፕላን አንዲስን የተሻገረ ሰው ፈሪ ሊባል አይችልም። ጥያቄው ግን ሌላ ነው። ድፍረት ብቻውን ጀግና ያደርጋል ወይ?

ከላይ የታየውና ከታች የነበረው

በዚያ ጦርነት ኢትዮጵያ የነበሯት አውሮፕላኖች ከደርዘን ብዙም አያልፉም። የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው በ1921 ዓ.ም. ነሐሴ ነው። የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ በበረራ ከተመረቁ ገና ጥቂት ዓመታቸው ነበር። ከቺካጎ የመጣው ጥቁር አሜሪካዊ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን የአየር ኃይሉ አዛዥ ሆኖ፣ መሣሪያ በሌለው አውሮፕላን ከግንባር ወደ አዲስ አበባ መልእክትና ሰው ያመላልስ ነበር። የውጊያ አውሮፕላን የሚባል አልነበረንም። ስለዚህ ለኢጣሊያ አብራሪ የኢትዮጵያ ሰማይ ባላጋራ የሌለበት ሰማይ ነው። ከምድር የሚተኮስ ጥይት አለ፤ ሞተር ሊበላሽ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ግን በሰማይ ላይ የሚገጥመው የለም።

በዚህ ሰማይ ላይ የበረሩት ሜዳልያ ዘነበላቸው። የሙሶሊኒ ልጆች ቪቶሪዮና ብሩኖ በዚህ ጦርነት በርረው ተሸለሙ። ቪቶሪዮ ወደ አገሩ ተመልሶ ባሳተመው መጽሐፍ ቦምብ መጣል እንዴት ደስ እንደሚል ሳያፍር ጻፈ።

በኦጋዴን በኩል ደግሞ የቲቶ ሚኒቲ ታሪክ አለ። ይህ አብራሪ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ደጋሐቡር አካባቢ ለማረፍ ተገዶ ተያዘና ተገደለ። የተማረከን ሰው መግደል በየትኛውም ሕግ ጥፋት ነው፤ የእኛ ሰዎች አድርገውታልና ልንደብቀው አይገባም። ግራዚያኒ ግን ብቀላውን በማን ላይ ተወጣ? ታኅሣሥ 20 ቀን በመልካ ዲዳ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጣቢያ በአውሮፕላን አስደበደበ። በመርዝ ጋዝ መጠቀማቸው ሲነሣም የሚኒቲ ሞት ምክንያት ተደርጎ ቀረበ። ጋዙ ግን በሰሜን ግንባር በተከዜ አካባቢ ከሚኒቲ ሞት በፊት ተጥሎ ነበር። ሚኒቲም የወርቅ ሜዳልያ አገኘ፤ የሬጆ ካላብሪያ ከተማ አውሮፕላን ማረፊያም በስሙ ተሰየመ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሙሶሊኒ ከአዲስ አበባ መያዝ በኋላ የላካቸው ቴሌግራሞች አልጠፉም። ግንቦት 28 ቀን 1928 ዓ.ም. የተያዘ ሽፍታ ሁሉ ይረሸን ብሎ አዘዘ። በዚያው ሰሞን ጋዝ እንዲጠቀሙ ፈቀደ። ሐምሌ 1 ቀን ደግሞ በዐመፀኛው ሕዝብ ላይ የሽብርና የመደምሰስ ፖሊሲ እንዲካሄድ አዘዘ። ኢጣሊያ ግን ጋዙን ለስድሳ ዓመት ያህል ስትሸሽገው ኖረች። አንጄሎ ዴል ቦካ የተባለው የታሪክ ጸሐፊ ማስረጃውን ይዞ ሲጮህ በጦርነቱ የተሳተፈው ዝነኛ ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ ውሸት ነው እያለ ይከራከረው ነበር። በ1988 ዓ.ም. የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር አምኖ በይፋ ተናገረ። ሞንታኔሊም መሳሳቱን ተቀበለ። ሜዳልያዎቹ ግን ከደረት ላይ አልወረዱም።

ቦናያን ኢጣሊያኖች የሚጠሩት የለቀምት እልቂት ብለው ነው። እኛ የጥቁር አንበሳ የመጀመሪያ ድል እንለዋለን። አንድ ሌሊት፣ ሁለት ስም። ከቦናያ በኋላ ነቀምት በአውሮፕላን ተደበደበች። በቦምቡ ያለቀው ሰው ግን በእነሱም በእኛም መዝገብ ስሙ አልሰፈረም።

ሜዳልያ ያልደረሳቸው

ጥቁር አንበሶች ሽፍቶች አልነበሩም። ዐሥር አንቀጽ ያለው ሕግ ነበራቸው። በሕጋቸው ወታደሩ ለፖለቲካው አመራር እንዲታዘዝ፣ ገበሬው እንዳይዘረፍ፣ ምርኮኛ በሰብዓዊነት እንዲያዝ ደንግገው ነበር። በ1928 ዓ.ም. በዱር ውስጥ፣ ረሃብና ዝናብ እየተፈራረቀባቸው፣ ይህን መጻፋቸው ያስደንቃል። የተሸላሚዎቹ አለቃ የተያዘ ሁሉ ይረሸን እያለ ቴሌግራም በሚልክበት ክረምት እነዚህ ልጆች ምርኮኛ አይጉላላ ብለው ጻፉ። ሕጋቸውን በተግባር ምን ያህል ጠበቁት? ያም ሆነ ይህ፣ እንዲህ ያለ ሕግ እንደሚያስፈልግ ማወቃቸው ራሱ ክብር ነው።

ራስ እምሩ መሪያቸው ሆኑ። ወደ ሸዋ ለመመለስ ያደረጉት ሙከራ አልተሳካም። የሚያልፉበት አገር ሕዝብ ከፊሉ ፊቱን አዞረባቸው። ቀደም ሲል ያነሣሁት ቂም እዚህ ላይ ዋጋውን አስከፈለ። በአገሩ ላይ ፍትሕ ያላገኘ ሰው በክፉ ቀን አብሮ እንዲቆም መጠበቅ ይከብዳል። ክረምቱ ወጣ፣ መንገዱ ደረቀ። ኅዳር 17 ቀን 1929 ዓ.ም. ጎሬ ተያዘች። ራስ እምሩና የተከተሏቸው ወደ ደቡብ፣ ወደ ከፋ አቅጣጫ አፈገፈጉ። ፊት ለፊት ጎጀብ ነው፤ ከኋላና ከጎን የኢጣሊያ ጦር ነው። ታኅሣሥ 9 ቀን ራስ እምሩ እጃቸውን ሰጡ።

ራሱ ወደ ኢጣሊያ ተወስደው በፖንዛ ደሴት ታሰሩ። ከስድስት ዓመት ተኩል በኋላ፣ በሐምሌ 1935 ዓ.ም.፣ ሙሶሊኒ ከሥልጣን ሲወርድ እዚያችው ደሴት ላይ፣ ራስ እምሩ ታስረውበት በነበረው ቤት ታሰረ። ታሪክ አንዳንድ ጊዜ ቀልድ ታውቃለች።

ለወጣቶቹ ግን ታሪክ አልቀለደችላቸውም። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ የተማረውን እየለቀመ ሲያስገድል የጥቁር አንበሳ ልጆችም በዚያው አለቁ። ቤንያምና ዮሴፍ ወርቅነህ ተገደሉ። ሜዳልያ ሊሰጣቸው የሚችል መንግሥት በስደት ላይ ነበር፤ መንግሥቱ ሲመለስ እነሱ የሉም። ስማቸው ዛሬ በአዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ በየቀኑ ይጠራል፤ «ጥቁር አንበሳ ወራጅ አለ» ይባላል። ሰውም ወርዶ ወደ ሐኪሙ ይሄዳል።

እኛስ?

እዚህ ላይ አቁሜ ኢጣሊያኖችን ወቅሼ ብጨርስ ቀላል ነበር። ግን ደግ አይሆንም። እኛም አየር ኃይል አለን፣ እኛም የተሸለሙ አብራሪዎች አሉን።

በሶማሊያ ወረራ ጊዜ፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ አየር ኃይል አብራሪዎች በኤፍ-5 አውሮፕላኖች የሶማሊያን ሚጎች ገጥመው የሰማዩን የበላይነት ያዙ። ይህ ባላጋራ የሌለበት ሰማይ አልነበረም፤ ሚግና ሚሳይል ነበረበት። ከአብራሪዎቹ አንዱ ለገሠ ተፈራ ተመትተው ተማረኩ፤ ዐሥራ አንድ ዓመት በሶማሊያ እስር ቤት ቆዩ። በ1980 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ በምርኮኞች ልውውጥ ሲመለሱ የሀገሪቱ ከፍተኛ የጀግና ሜዳይ ተሰጣቸው። የሚገባ ክብር ነበር። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ሜዳዩን የሰጠው መንግሥት ወደቀ፤ የቀድሞው ሠራዊት ተበተነ። ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ ደግሞ ቀድሞ በሻዕቢያ እጅ ወድቀው የነበሩ ሰው ናቸው፤ በ1990 ዓ.ም. አስመራ ላይ ተመትተው ለሁለተኛ ጊዜ ተማረኩ። ጦርነቱ አብቅቶ ምርኮኞች ሲለዋወጡ እሳቸው አልተመለሱም። ለእንዲህ ያለ ሰው ቤተሰብ ሜዳይ ምን ይመልሳል?

በዚያው በ1980 ዓ.ም.፣ ለገሠ ተፈራ ከመፈታታቸው ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ ሰኔ 15 ቀን፣ የዚያው አየር ኃይል አውሮፕላኖች በትግራይ ሐውዜን በገበያ ቀን ገበያውን ደበደቡ። ከአንድ ሺህ የሚበልጥ ሰው እንደሞተ ይነገራል። ክንፋቸው ላይ ያለው ባንዲራ የእኛው ነበር። ኦጋዴን ላይ በተዋጋው ስንኮራ ሐውዜን ላይ የተጣለውን ብንረሳ፣ የሎካቴሊን ማረፊያ ቤት ፎቶግራፍ አንሥቶ ከሚሄደው ቱሪስት በምን እንሻላለን?

ሜዳልያ ስለ ተሸላሚው ድፍረት ይናገራል፤ እሱ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ቦምቡ ማን ላይ እንደወረደ ግን አይናገርም። ያንን መጠየቅ የእኛ ሥራ ነው። የኮሚዞ ሰዎች ዘግይተውም ቢሆን ጠይቀዋል፤ ስሙን አውርደው፣ ሰቅለው፣ እንደገና አውርደዋል። እንዲህ ያለ ጭቅጭቅ መልካም ነው፤ ዝምታ ነው የሚያስፈራው።

ከማሻ ወደ ጎሬ የሚሄደው አውቶቡስ ዛሬም በጭጋጉ ውስጥ ያዘግማል። ወጣቶቹ በመስኮት ደኑን ያያሉ። በሚቀጥለው ጉዞዬ አጠገቤ የሚቀመጠውን ልጅ ስለ ቦናያ እነግረዋለሁ። ስለ ሎካቴሊም ሳልደብቅ እነግረዋለሁ፤ ደፋር እንደነበረ። ከዚያ ምርኮኛ አይጉላላ ብለው በዱር ውስጥ ሕግ ስለ ጻፉት ልጆች እነግረዋለሁ። ሜዳልያው ለማን ይገባ እንደነበር ልጁ ራሱ ይፍረድ።